ወንበር ላይ የተሰቀለው ኮት

ባለፈው ማክሰኞ ልጄን ሰው ፊት አሳፈርኳት። ሆን ብዬ አይደለም። ረፋዱ ላይ ሽንኩርት ጥጄ፣ እጄ በርበሬ በበርበሬ ሆኖ ሳለ የውጭው በር ተንኳኳ። ልጄ መኝታ ቤቷን ዘግታ ላፕቶፗ ፊት ተቀምጣለች። የልጅ ልጄ ሳሎን ውስጥ መኪኖቹን ደርድሮ ይጫወታል። እኔም እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ‹‹ኧረ አንቺ ልጅ! ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ በሩን አትከፍቺም?›› አልኩ። ለካስ ማይክሮፎኑ ክፍት ኖሯል። ‹‹ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ›› የምትለዋን ቃሌን አለቃዋን ጨምሮ ስብሰባው ላይ የነበረው ሁሉ ሰማት።

ስብሰባው ሲያልቅ ወጣች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ‹‹እማዬ፣ አንቺ እዚሁ አብረሽኝ እየዋልሽ ዝም ብዬ የምቀመጥ ከመሰለሽ፣ ቢሮ ያሉት ምን ይበሉ?›› አለችኝና ውሃ ቀድታ ተመለሰች። ሽንኩርቱ አረረ። እኔም ለዚህ ሳምንት ያሰብኩትን ሌላ ጉዳይ ትቼ ከዚህችው ጥያቄ ጋር ቁጭ አልኩ።

ልጄ የምትሠራበት ድርጅት ለሌሎች ድርጅቶች ሂሳብ ይይዛል፣ ፔሮል ያዘጋጃል። በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ ትገባለች፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከቤት ትሠራለች። ሃይብሪድ ይሉታል፤ ግማሽ ቢሮ ግማሽ ቤት መሆኑ ነው። ቤታችን ከከተማው ዳር ስለሆነ ቢሮ በምትገባበት ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። ማታም የምትደርሰው ልጁን እንቅልፍ ሊጥለው ሲል ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት ግን ቁርሱን ራሷ ታበላዋለች፤ ምሳም አንድ ትሪ ከበን እንበላለን። አሁን አለቆቿ ‹‹ይቀጥል ወይስ ሁሉም አምስቱንም ቀን ይግባ?›› የሚለውን በዚህ ወር መጨረሻ ሊወስኑ ነው። የእኔ ጩኸት የደረሰው በዚህ ሰዓት ነው።

እኔ ራሴ የቢሮ ሰው ነኝ። 31 ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ በታይፕራይተር ጀምሬ በኮምፒውተር ነው ጡረታ የወጣሁት። ከሥራዎቼ አንዱ የሰዓት ፊርማ መዝገቡን መያዝ ነበር። ጠዋት መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ፤ ልክ 2፡45 ሲል በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰምራለሁ። ከመስመሩ በላይ የፈረመ ደኅና ሠራተኛ ነው፣ ከመስመሩ በታች የፈረመ አርፋጅ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ምን ሠራ የሚለውን መዝገቡ አይጠይቅም።

በዚያ ዘመን የሠራችሁ ሁሉ ወንበር ላይ የተሰቀለውን ኮት ታስታውሱታላችሁ። እኛም ጋ አንድ ነበረን። ባለቤቱ 2፡25 ላይ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ያለብሳል፣ ፋይል ገልጦ መነጽሩን ከላዩ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ይሰወራል። መርካቶ ሱቅ ነበረው ይባላል። ኃላፊው በኮሪደሩ ሲያልፍ ብቅ ይልና፣ ‹‹ኮቱ አለ፣ ቅርብ ነው ማለት ነው›› ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀልደኛ ባልደረባችን፣ ‹‹ጡረታ የሚገባው ለኮቱ ነው፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ከቦታው ንቅንቅ አይልም›› ይል ነበር። እንስቅ ነበር። ግን የሰውዬውን ሥራ ከጎኑ ያለችው ልጅ እየደረበች ትሠራለት ነበር፤ እሷ አትስቅም።

በዚያው መዝገብ ላይ ሌላም ሰው ነበር። ዝምተኛ፣ ፋይሉ ስህተት የማያውቅ። አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ እያረፈደ ይመጣ ጀመር። እኔም በየቀኑ ከቀዩ መስመር በታች አስፈረምኩት። በወሩ መጨረሻ ከደመወዙ ተቆረጠ። በኋላ ስንሰማ ለካ ጠዋት ጠዋት የታመመች ሚስቱን ሐኪም ቤት እያደረሰ ነበር የሚመጣው። እሱ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ኮቱ የተሰቀለለት ሰውዬ ግን ምንም አልተቆረጠበትም። ያንን መስመር ያሰመርኩት በገዛ እጄ ስለሆነ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። እና ሰዎች ‹‹ከቤት የሚሠራን ሰው እንዴት ማመን ይቻላል?›› ሲሉ ስሰማ፣ ቢሮ የሚውለውንስ በምን ነበር ያመንነው? እላለሁ።

ነገሩ እኛ አገር ስሙ የገነነው በኮሮና ጊዜ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ሲገኝ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ብዙ ሠራተኛም ቤትህ ሆነህ ሥራ ተባለ። ወረርሽኙ ሲያልፍ አብዛኛው ሰው ወደ ቢሮው ተመለሰ፤ እንደ ልጄ ድርጅት ያሉት ግን ግማሹን አስቀሩት። ሌላው ዓለምም ገና አልተስማማም። አማዞን የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቢሮ ሠራተኞቹን አምስቱንም ቀን ግቡ ብሏል።

ይህን ጉዳይ ከሐሜት አልፎ ሊመዝነው ከሞከረው ሁሉ እኔን የገረመኝ አንድ የቻይና ኩባንያ ነው። ሲትሪፕ ይባል ነበር፤ አሁን ትሪፕ ዶት ኮም ተብሏል፤ የአውሮፕላን ትኬትና ሆቴል የሚያስይዝ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጄምስ ሊያንግ ከስታንፎርዱ የኢኮኖሚ ምሁር ኒኮላስ ብሉም ጋር ሆኖ በ2010 እ.ኤ.አ. ሙከራ ጀመረ። ስልክ ከሚመልሱት ሠራተኞች ፈቃደኛ የሆኑትንና መስፈርቱን ያሟሉትን 249 ሰዎች ወሰዱ። አከፋፈላቸው ዕጣ ይመስላል፦ ልደቱ 2፣ 4፣ 6 እያለ በሚሄደው ቀን የዋለለት አራት ቀን ቤት አንድ ቀን ቢሮ፤ በ1፣ 3፣ 5 የዋለበት ቢሮ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ቤት የነበሩት ሥራቸው በ13 በመቶ በልጦ ተገኘ። አብዛኛው ልዩነት የመጣው ከስልኩ የሚነሱበት ጊዜ በማነሱና በሕመም የሚቀሩበት ቀን በመቀነሱ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ‹‹ሁሉም ቤቱ ይዋል›› ይባል ነበር። ግን ሙከራው አልቆ ‹‹አሁን ደግሞ ራሳችሁ ምረጡ›› ሲባሉ፣ ቤት ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ መመለስን መረጡ። ዋናው ቅሬታቸው ብቸኝነት ነበር። ይህን ሳነብ ጡረታ የወጣሁበት የመጀመሪያው ወር ታወሰኝ። ጠዋት ተነስቼ ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ የምሄድበት አጥቼ ሶፋው ላይ የተቀመጥኩበት ቀን። ሥራ ማለት ሰው ማለትም ነው።

ያው ኩባንያ ከአሥር ዓመት በኋላ መካከለኛውን መንገድ ሞከረ። በ2021 እና 2022 እ.ኤ.አ. 1,612 ሠራተኞችን ዳግመኛ በልደታቸው ቀን ከፋፍሎ ለግማሾቹ ረቡዕና ዓርብን ከቤት እንዲሠሩ ፈቀደላቸው። ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጥቷል። በሥራ ምዘናም በዕድገትም ልዩነት አልታየም። ሥራ የሚለቀው ሰው ቁጥር ግን በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ፤ ይበልጡን የቀነሰው ሴቶቹ፣ ኃላፊ ያልሆኑትና ቤታቸው ሩቅ የሆነው ዘንድ ነው። ይህን ለልጄ ሳነብላት፣ ‹‹ቻይና ድረስ ሄደው እኔን ነው እንዴ ያጠኑት?›› አለችኝ። እኔን ግን የነካኝ የአለቆቹ ነገር ነው። ከሙከራው በፊት 395 ኃላፊዎች ሲጠየቁ ሥራ ይቀንሳል ብለው ገመቱ፤ በአማካይ 2.6 በመቶ። ካለቀ በኋላ ሲጠየቁ በ1 በመቶ ይጨምራል አሉ። ሐሳባቸውን የለወጡት ስብከት ሰምተው ሳይሆን ለወራት አይተው ነው።

ይህን ዕድል ያላገኘ አለቃ ይጠራጠራል። ማይክሮሶፍት በ2022 እ.ኤ.አ. በ11 አገሮች 20,000 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከሠራተኞቹ 87 በመቶው ‹‹ሥራችንን በሚገባ እንሠራለን›› አሉ። ከአለቆቹ 85 በመቶው ደግሞ እንዲህ ባለው ግማሽ ቢሮ ግማሽ ቤት አሠራር ‹‹በእርግጥ እየሠሩ ነው ብሎ ለመተማመን ከብዶናል›› አሉ። ኮቱ ከወንበሩ ላይ ሲጠፋ አለቃው የሚያየው አጣ።

አሁን ወደ ማክሰኞዬ ልመለስ። ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ቡና አፈላሁና ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ለወራት አፍና የያዘችውን ነገረችኝ፤ ‹‹ጻፊው›› ብላኛለች።

ክፍሉ ውስጥ ስምንት ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ቢሮ ከሚውሉት አንዱ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ማኅተሙ ያለው ቢሮ ነው፤ ቼኩም ቢሮ ነው፤ በአካል የሚመጣው ደንበኛም እዚያው ነው። ማኅተም ቤት አይሄድም። ስለዚህ ሌሎቹ ቤታቸው ሆነው በጸጥታ ሥራቸውን ሲገፉ፣ እሱ የራሱን ትቶ የሁሉንም እንግዳ ሲያስተናግድ፣ የሁሉንም ወረቀት ሲያስፈርምና ሲያስመታ ይውላል። ማታ ቁጭ ብሎ የራሱን ይጀምራል። ይህን ለማን ይናገር? ሁሉም ይበልጡታል። ውስጥ ውስጡን ግን ‹‹እነሱ ቤታቸው ይተኛሉ፣ እኔ እዚህ እቀጠቀጣለሁ›› ይላል።

በልጄ በኩል ሌላ ቅሬታ አለ። ቢሮ ያሉት ከምሳ በኋላ ከፎቁ ሥር ማኪያቶ ሊጠጡ ይወርዳሉ። እዚያ ቆመው የሚያወሩት ወሬ ሳይታወቃቸው ውሳኔ ይሆናል። አንድ ቀን የአንድ ደንበኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አሠራር መለወጡን እዚያው ተነጋግረው ተስማሙ፤ ለእሷ የነገራት የለም። ሐሙስን ሙሉ በድሮው አሠራር ፔሮሉን ሠርታ ዓርብ ጠዋት ስታቀርብ፣ ‹‹ይኼ እኮ ተቀየረ፣ አልሰማሽም?›› አሏት። ‹‹እማዬ፣ ሆን ብለው የተዉኝ ነው የመሰለኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ›› አለችኝ። ማንም ሆን ብሎ አልነበረም። እያንዳንዱ ሌላው የነገራት መስሎት ነው።

ከዚያ በዚህ ላይ መብራት ጠፋ። የወር መጨረሻ ነው፤ ፔሮሉ በዕለቱ መድረስ አለበት። የላፕቶፗ ባትሪ አርባ ደቂቃ ቆይቶ ሞተ። ቤት ያለው ኔትወርክም አብሮ ሄደ። እኔ ምስክር ነኝ፤ ባጃጅ ይዛ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ ስትዞር ያያት ጎረቤት አለ። አንዱ ካፌ ዋይፋይ የለውም፣ ሌላው ሶኬቱ አይሠራም። ሦስት ሰዓት ጠፋች። ለምን ደውለሽ አልተናገርሽም? ስላት፣ ‹‹ሁልጊዜ መብራት ጠፋ ማለት ሰለቸኝ፤ ከመደወል ቶሎ ደርሼ ብልከው ይሻላል ብዬ ነው›› አለች። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ወጣቱ ከደንበኛው ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ‹‹አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል›› ሲል ዋለ። ማታ ለጓደኛው፣ ‹‹ተኝታ ነው የሚሆነው›› ብሎ ጻፈ። ጓደኛው ለሌላ አስተላለፈው፤ ሌላው ለእሷ አሳያት።

‹‹መብራት ጠፋ›› የሚለው ነገር እኛ አገር ክፉ ዓረፍተ ነገር ነው። እውነትም ነው፣ ሰበብም ነው። ቢሮ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ለሁሉም እኩል ይጠፋል፤ አብረን ወጥተን ፀሐይ እንሞቃለን፣ እናማለን። ቤት ሲሆን ግን ለብቻሽ ይጠፋል፤ ሌላው አያየውም። አንድ ሰፈር በርቶ ሌላው ሲጨልም የበራለት ሰው የጨለመበትን ማመን ይከብደዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ እሷን አያምናትም፣ እሷም እሱን አታምነውም። ‹‹ሰላም ነው?›› ‹‹ሰላም ነው›› ይባባላሉ፤ ፋይል ግን እያንዳንዱ ለራሱ ቅጂ መያዝ ጀመረ። ለማስረጃ ነው እንግዲህ። አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

አለቃዋም ነገሩ ሸተተው። በመጀመሪያ ያሰበው እኔ ያሰምረው የነበረውን ቀይ መስመር ነው። ሥራ ሰዓት ላይ ሁሉም ካሜራውን ከፍቶ ይዋል፣ ወይም ኮምፒውተሩ በየጥቂት ደቂቃው የስክሪኑን ፎቶ የሚልክ ፕሮግራም ይጫንበት። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ኮቱን አስታወስኩ። የካሜራም ኮት ይኖረዋል፤ ሰው ካሜራው ፊት ቁጭ ብሎም ከሥራው ሊሰወር ይችላል።

መላ ያመጡት የክፍሉ ታላቅ፣ ገንዘብ ያዧ ናቸው። ልጄ ‹‹እትዬ›› ነው የምትላቸው። አንድ ረቡዕ ከሰዓት ስምንቱንም ቢሮ ሰብስበው፣ ‹‹ማንም ማንንም አይክሰስ። እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ ሌላው የማያየው የእኔ ሥራ ምንድን ነው?›› አሉ። ደግሞም ከትንሹ ጀመሩ። ይቺን ብልሃት ልብ በሉልኝ። እኛ ዘንድ ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ ‹‹የተባለው ጥሩ ነው›› ብሎ ነው የሚቀመጠው። ወጣቱ መጀመሪያ ሲናገር የሚሸሽበት የለውም። በአንድ ሐሙስ ስንት ሰው እንዳስተናገደ በወረቀት ጽፎ ይዞ ኖሮ አነበበ። አሥራ ሰባት። ቤት የነበሩት ስድስቱ አንዳቸውም አላወቁም። ልጄ ደግሞ የባጃጁን ነገር ተናገረች። ልጁ አንገቱን ደፋ።

የተስማሙበት ነገር ብዙ አይደለም። ረቡዕ ሁሉም ቢሮ ይገባል፤ የቢሮው ተራ ደግሞ ይዞራል፤ ማኅተሙ ሥር ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ አይቀርም። ማኪያቶ ላይ የተወሰነ ነገር ካለ ከመካከላቸው አንዱ ቀኑ ሳይመሽ በቴሌግራም ግሩፑ ይጽፈዋል፤ ያልተጻፈ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። መብራት የጠፋበት ሰው ባትሪው ሳያልቅ አንዲት መስመር አጭር መልእክት ይልካል፤ ‹‹መብራት የለም፣ በዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ››። ለዚህ ዳታም ዋይፋይም አያስፈልግም። ምክንያቱን ማስረዳት የለም፣ ይቅርታ ማብዛት የለም። ሰዓቱን መናገርና በሰዓቱ መገኘት ብቻ ነው።

እቁብ የጣላችሁ ሰዎች ይህ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በእቁብ ኖሬያለሁ፤ ግማሾቹን አባላት መንገድ ላይ ባገኛቸው አልለያቸውም ነበር። ግን አምናቸዋለሁ፤ በቀኑ ይጥላሉ። የጎደለበትም ሰው ከቀኑ በፊት ለዳኛው ይናገራል። የተናገረ ሰው አይታማም። ሳይናገር የቀረ ግን ብሩን በማግሥቱ ቢያመጣ እንኳ በቀጣዩ ዙር በጥርጣሬ ይታያል።

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ የሃርቫርድ ምሁር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐኪም ቤቶች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ሲያጠኑ ግራ የሚያጋባ ነገር አገኙ። በደንብ ተግባብተው የሚሠሩት ቡድኖች ስህተታቸው በዝቶ ተመዘገበ። በኋላ ሲመረምሩት በእርግጥ አብዝተው ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ስህተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው የሚል ማብራሪያ ላይ ደረሱ። በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ ስህተት መናገር እንዲህ ከከበደ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ አንዱ ቦሌ ሆኖማ መደበቅ ምንኛ ይቀላል! ልጄ እንደምትለው ከዚያ ረቡዕ ወዲህ የተለወጠው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ‹‹ተሳስቻለሁ፣ እርዱኝ›› የሚል መልእክት ግሩፑ ላይ መታየት ጀምሯል። የመጀመሪያውን የላኩት እትዬ ራሳቸው ናቸው። አንዳንዱ ሰው ግን አውቀው የተሳሳቱ ነው የሚመስለው።

አለቃው ሙሉ በሙሉ አላመነም። እሱንም አልፈርድበትም፤ ደንበኛ ሲቆጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ‹‹እስከ ወሩ መጨረሻ አየዋለሁ›› አለ። እኔም በዚሁ በሙከራው ሦስተኛ ሳምንት፣ ሥራ ሲከፋፈሉ፣ ‹‹ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ›› ብዬ ጮህኩ። ልጄ ስትነግረኝ ስብሰባው ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ አለ። ከዚያ ያ ወጣት፣ ያው የማኅተሙ ልጅ፣ ‹‹የኔም እናት ከቤት ስሠራ እንደዚሁ ነው የሚሉኝ፤ ቅዳሜ ገበያ ላከኝ ቢሉ እንኳ ይሻላል፣ እሳቸው ግን ማክሰኞ ነው የሚልኩኝ›› አለ። አሁን በተራው እሱም አንድ ቀን ቤት ይውላልና። ሁሉም ሳቁ። አለቃው አልሳቀም ብላኛለች።

ይህ ሁሉ ወግ የሚመለከተው የቢሮ ሰውን ነው፤ ለነርሷ፣ ለሾፌሩ፣ ለአስተማሪው ‹‹ማክሰኞ ከቤት ሥራ›› የሚለው የለም፤ አውቃለሁ። አዲስ ተቀጣሪም ቢሆን ቤት ከዋለ ከማን ይማራል? እኔ ሥራ የተማርኩት ከአለቃዬ ሳይሆን ጎኔ ከምትቀመጠው ሴትዮ ነው፤ ስልክ እንዴት እንደምታነሳ፣ ቁጡ ሰው እንዴት እንደምታበርድ እያየሁ። ይህን ላፕቶፕ አያሳይም። ቤታቸው ሰፊ ላልሆነ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከልጅ ከታናሽ ጋር ለሚኖሩ ደግሞ ቢሮው ራሱ ዕረፍት ነው።

ነገር ግን እኔ እዚህ ቤት ውስጥ የተረዳሁት፣ የልጄ ቡድን ስምንት ሰው አለመሆኑን ነው። እኔም አለሁበት፣ ባለቤቴም፣ ልጁም። ባለቤቴ ‹‹ቤት ከሆነች ሐኪም ቤት ታድርሰኛ›› ይላል፤ ቀጠሮውን ሁሉ ማክሰኞ ማክሰኞ አድርጎት ነበር። ጎረቤቴ፣ ‹‹ልጅሽ ሥራ ለቀቀች እንዴ? ቀን ቀን አያታለሁ›› ብላኛለች፤ እኔም እንደ ማፈር ብዬ ‹‹ዕረፍት ወጥታ ነው›› ብያለሁ! ልጄ ቤት ሆና ትሠራለች ማለት ለምን እንዳሳፈረኝ አላውቅም። ለቅሶ ቤት ትሂድልኝ፣ ቲማቲም ትግዛልኝ፣ የቆጣሪው ሰው መጥቷል ታናግርልኝ፤ ስቆጥረው በአንድ ሐሙስ ስድስት ጊዜ ጠርቻታለሁ። ስድስቱም ‹‹ለአንድ ደቂቃ›› ነበር። ያ ወጣት ‹‹ተኝታ ነው›› ሲል የተጠራጠረው እሷን ነው፤ የጠራኋት ግን እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ረቡዕ ማታ የቤት ስብሰባ አደረግን። እኔም እንደ እትዬ ከትንሹ ልጀምር ብዬ የልጅ ልጄን፣ ‹‹እማዬ ስትሠራ ምን ትፈልጋለህ?›› ስለው፣ ‹‹በሩ እንዲከፈት›› አለ። አራት ዓመቱ ነው። እናቱ አሰበችና ስብሰባ ላይ ስትሆን ብቻ በሩ እንዲዘጋ፣ ሌላውን ሰዓት ገርበብ ብሎ እንዲቆይ ተስማማች፤ እሱም ምንጣፉ ላይ መኪናውን ድምፅ ሳያሰማ እንዲነዳ። ባለቤቴ ቀጠሮውን ወደ ቅዳሜ አዛወረ፤ እያጉረመረመ ነው። ለጎረቤቴም ሄጄ እውነቱን ነገርኳት።

ስብሰባ መሆኑን በምን እንወቅ? ልጁ ማንበብ አይችል፤ እኔም መነጽሬን የማስቀምጥበትን አላውቅም። ልጄ ቁም ሳጥን ከፍታ የአባቷን አሮጌ ኮት አወጣችና፣ ‹‹ይኼ በሩ እጀታ ላይ ከተሰቀለ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ማንም አይጥራኝ›› አለች። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የኮቱን ታሪክ ነገርኳት፤ እሷ ግን ብዙም አላሳቃትም፤ ‹‹የእሱን ሥራ ደርባ የምትሠራዋ ልጅስ መጨረሻዋ ምን ሆነ?›› አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የት እንደደረሰች አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ኮቱ በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር። እኔ በጣቴ ጫፍ እየተራመድኩ ምሳ ሠራሁ፤ የውጭው በር ሲንኳኳም ራሴ ሄጄ ከፈትኩ። ስመለስ የወጥ ቤቴ በር ተዘግቷል። እጀታው ላይ የልጅ ልጄ ትንሿ ሰማያዊ ጃኬት ተንጠልጥላለች። ገፋ አድርጌ ‹‹ምን እየሠራህ ነው?›› ብለው፣ ከስኳር ዕቃው አጠገብ ቆሞ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና፣ ‹‹እሽ! ስብሰባ ላይ ነኝ›› አለኝ።